ፍራተርኒቲ ለመግባት ለሚያስቡ የሀበሻ ልጆችና ለወላጆቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲያልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ይሞላሉ። ብዙም ሳይቆይ ካምፓሱ ውስጥ ጠረጴዛ የዘረጉ፣ የግሪክ ፊደል ያለበት ቲሸርት የለበሱ ልጆች ብቅ ይላሉ። አላፊ አግዳሚውን «ራሽ ታደርጋለህ?» ይላሉ። ራሽ ማለት ፍራተርኒቲ የሚባለው የተማሪዎች ማኅበር አዲስ አባል የሚመለምልበት ወቅት ነው። በሀበሻ ቤት ስለዚህ ነገር ብዙም አይወራም። ወላጅ የሚያውቀው ከፊልም ነው፣ ልጅ የሚያውቀው ከቲክቶክ። ሁለቱም ጋ ያለው ሥዕል ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ልጆቹም ወላጆቹም ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል።

ፍራተርኒቲ ምንድን ነው? ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?

የወንድ ተማሪዎች ማኅበር ነው። አገር አቀፍ ዋና መሥሪያ ቤት አለው፣ በየዩኒቨርሲቲው ደግሞ ቻፕተር የሚባል ቅርንጫፍ አለው። በግሪክ ፊደል መሰየም የተጀመረው በ1776 ነው። ያኔ ቨርጂኒያ በሚገኘው ዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ፋይ ቤታ ካፓ ተመሠረተ። እሱ ዛሬ የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆኗል። አሁን «ፍራት» የሚባለው ዓይነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መነሻው በ1825 ኒው ዮርክ ውስጥ ዩኒየን ኮሌጅ ነበር።

አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህን መለየት ከሁሉ ይቀድማል። ፊልም ላይ የምታየው ትልቅ ቤት ያለውና በግልጽ ራሽ የሚያደርገው አንደኛው ዓይነት ነው። ሁለተኛው «ዲቫይን ናይን» የሚባሉት ዘጠኙ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራት ናቸው። አምስቱ የወንዶች፣ አራቱ የሴቶች ናቸው። የጋራ ምክር ቤታቸው በ1930 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቋቋመ። ሦስተኛው የሙያ ማኅበር ነው። ለምሳሌ አልፋ ካፓ ሳይ የቢዝነስ፣ ቴታ ታው የምሕንድስና ነው። ሁለቱም በ1904 የተመሠረቱ ናቸው፣ ዛሬ ወንድም ሴትም ይቀበላሉ። «ልጄ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አይገባም» የሚል የሀበሻ አባት እንኳ ስለ ሦስተኛው ሲሰማ ፊቱ ይፈታል።

አንዱ ጋ የሚያስወድድህ ጠባይ ሌላው ጋ ሊያስወጣህ ይችላል። ስለዚህ ከታች ያለው ምክር በአብዛኛው ለመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዲቫይን ናይን የራሱ ጥያቄ አለው።

ራሽ ላይ የሚሆነው ምንድን ነው?

ከውጭ ሲታይ ድግስ ይመስላል። ሥጋ ይጠበሳል፣ የዶሮ ክንፍ ይበላል፣ ኳስ ይታያል፣ ቦውሊንግ ይኬዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለማንም ክፍት ናቸው። ከዚያ በግብዣ ብቻ ወደሚገባበት ይጠባል። አንዳንዱ ጋ ቃለ መጠይቅ አለ። በመጨረሻ ቢድ ይሰጣል። ቢድ ማለት «ና፣ ከእኛ ጋር ሁን» የሚል መደበኛ ጥሪ ነው።

ዋናው ነገር የሚካሄደው ግን አንተ በሌለህበት ነው። ማታ አባላቱ ይሰበሰባሉ። ፎቶህ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ስምህ ይጠራል። «ይህን ልጅ የሚያውቀው ማነው?» ይባላል። ማንም እጁን ካላወጣ አለቀ፣ ጠልተውህ ሳይሆን ሳያውቁህ ታልፋለህ። አንድ ሰው ተነስቶ «እኔ አውቀዋለሁ፣ ትናንት ስለ ወንድሙ አወራን፣ ደስ የሚል ልጅ ነው» ካለ ነገሩ ይቀየራል።

ይህን አንዴ ከተረዳህ ብዙው ምክር ከዚህ ይመነጫል። ሃምሳ ሰው መጨበጥ አይጠቅምህም። የሚያስፈልግህ ስላንተ አንድ እውነተኛ ነገር መናገር የሚችሉ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ናቸው። እንደ ሠርግ አስተናጋጅ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አትዙር። ከአንድ ሰው ጋር ሃያ ደቂቃ ብታወራ ይሻላል።

ታዲያ ምን ላውራ? ዓይን አፋር ነኝ።

አብዛኛው የሀበሻ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ጨዋነት ጎድሎት አይደለም፣ በዝቶበት ነው። ቤት ውስጥ የተማርነው ታላቅ ሲያወራ ዝም ማለት ነው። ስለራስ ማውራት ጉራ ነው። ሲጋብዙህ መጀመሪያ «አይ፣ ይበቃኛል» ማለት ደንብ ነው፣ ጋባዡም «በሞቴ» ብሎ መለመኑ አይቀርም። እዚያ ቤት በሞቴ የሚልህ የለም። «ነገ ቅርጫት ኳስ አለን፣ ትመጣለህ?» ሲሉህ «እስቲ አያለሁ» ካልክ አይመጣም ብለው ይጽፉሃል። መምጣት ከፈለግህ «እመጣለሁ፣ ስንት ሰዓት?» በል።

ዝምታህን እንደ አክብሮት አያነቡትም። እንደ መሰላቸት ወይም እንደ ኩራት ያነቡታል። ዓይን ዓይን እያዩ ማውራትም እንደዚያው ነው። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለህ ካደግህ ይከብድሃል። ግን እነዚህ ልጆች ታላላቆችህ አይደሉም። ቢበልጡህ በሁለት ዓመት ነው።

ስለራስህ ማውራት ማለት ራስህን መካብ አይደለም። ለአጭር መልስ አንድ ነገር መጨመር ማለት ነው። «ምን ትማራለህ?» ቢልህ «ኮምፒውተር ሳይንስ» ብለህ አፍህን አትዝጋ። «ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምሬአለሁ፣ ካልኩለስ ቱ ግን እያሳደደኝ ነው፣ አንተ ወስደኸዋል?» በለው። አሁን ሁለት የሚያወራው ነገር ሰጠኸው። «ከየት ነህ?» ለሚለውም «ከሲልቨር ስፕሪንግ» ብቻ ብለህ አታቁም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባትህን ሱቅ ታግዝ እንደነበር ጨምርበት። ሰው የሚያስታውሰው እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ ከማውራት ይቀላል፣ ለዓይን አፋር ሰው በተለይ። «እዚህ ከመግባትህ በፊት ስንቶቹን አየህ? ይህን ለምን መረጥክ?» የሚል ጥያቄ ሁሉም ደስ ብሎት ይመልሳል። «አዲስ አባል በነበርክበት ጊዜ የከበደህ ምን ነበር?» ደግሞ ላንተም መረጃ ነው።

ሦስት ርዕሶችን በመጀመሪያው ሳምንት ተው። አንዱ መጠጥና ፓርቲ ነው፣ «ፓርቲያችሁ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጀምር ልጅ ለፓርቲ ብቻ የመጣ ይመስላል። ሁለተኛው ሴቶች። ሦስተኛው የሌላ ቤት ሐሜት። «እነዚያ እኮ እንዲህ ናቸው» ያልከው ቃል ከመምሸቱ በፊት እነዚያ ጋ ይደርሳል፣ ግሪክ ላይፍ የሚባለው የእነዚህ ማኅበራት ዓለም ትንሽ መንደር ነው።

የሰው ስም ቶሎ የሚጠፋብህ ከሆነ ወደ መታጠቢያ ቤት ጎራ ብለህ ስልክህ ላይ ጻፈው። «ጄክ፣ ረጅሙ፣ ከኦሃዮ፣ ውሻ አለው።» በማግስቱ «ጄክ፣ ውሻህ እንዴት ነው?» ስትለው የሚሰማውን አስበው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ለሰው ቁም ነገር መስጠት ነው።

ከዶርም ጓደኛህ ጋር ብትሄድም እሱ ላይ ተጣብቀህ አትዋል። ሁለት ሀበሻ ጥግ ይዘው በአማርኛ ሲያወሩ ማንም ደፍሮ አይቀላቀልም።

ስሜን መጥራት አይችሉም። ላሳጥረው?

እንደፈለግህ። በረከት «ቤክ» ቢባል የሚጎዳው የለም፣ ራሱ ከመረጠው። ሙሉውን እንዲሉህ ከፈለግህ ግን ቀስ ብለህ ሁለቴ በላቸው፣ ሲሳሳቱም ፈገግ ብለህ አርማቸው። አፍረህ ስምህን አፍህ ውስጥ ካልጎመጎምከው ይለምዱታል። ከሳምንት በኋላ ለመጥራት እንኳ የማይሞክር ቤት ስለራሱ የሆነ ነገር እየነገረህ ነው።

ምን ልልበስ?

ክፍት ለሆኑት ቀናት ንጹሕ ጂንስ ወይም ካኪ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ንጹሕ ጫማ። በግብዣ ለሆኑት ኮት ሊጠየቅ ይችላል። ከሌለህ የተጠቀሙበት ልብስ የሚሸጥባቸው መደብሮች ውስጥ በርካሽ ታገኛለህ። የየትኛውንም ፍራተርኒቲ ፊደል የያዘ ልብስ ግን አታድርግ፣ የአጎትህ ልጅ የሰጠህ ቢሆን እንኳ።

ጾም ላይ ነኝ፣ መጠጥም አልጠጣም። አይከብድም?

ከምታስበው በላይ ቀላል ነው። ረቡዕና ዓርብ ክንፍ ቢቀርብልህ «ዛሬ ጾም ነኝ» በል፣ በቃ። ምን ዓይነት ጾም እንደሆነ ይጠይቁሃል፣ ታስረዳቸዋለህ፣ ሌላ ማንም የማያወራውን ነገር አውርተህ ትወጣለህ። ረመዳን ላይ ያለህም እንደዚያው። ብቻ በባዶ ሆድ ሄደህ ሌላው ሲበላ ተኮሳትረህ አትቁም፣ የምትችለውን ቤትህ በልተህ ሂድ።

መጠጡን በተመለከተ፣ ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ይከለክላል። የፍራተርኒቲዎቹ ጉባኤ ሕግም የራሽ ዝግጅቶች ከአልኮል ነፃ እንዲሆኑ ያዝዛል። ስለዚህ ራሽ ላይ ብርጭቆ የሚያስጨብጥህ ቤት ገና ከጅምሩ የራሱን ደንብ እየጣሰ ነው። «አልጠጣም» ስትል የተለመደው መልስ «እሺ፣ ኮክ ይሻልሃል?» ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሚገፋፋህ ካለ ልብ በል። የማይጠጡ አባላት በየቤቱ አሉ። አግኝተህ አናግራቸው። የሚከበሩ መሆን አለመሆናቸውን ከእነሱ አፍ ስማ።

ተማሪ ቪዛ ላይ ያለህ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ጨምር። ከመጠጥ ጋር የተያያዘ እስር ለአሜሪካዊው ጓደኛህ ቅጣትና ቁጣ ብቻ ሊሆን ይችላል። ላንተ የቪዛ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ከዲቫይን ናይን አልፋ ወይም ኦሜጋ መግባት እፈልጋለሁ። ምክሩ ያው ነው?

አይደለም፣ እንዲያውም ብዙው ተቃራኒ ነው።

መጀመሪያ ማንነታቸውን እወቅ። አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሰባት ተማሪዎች ተመሠረተ። ጥቁር ተማሪ በነጭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻውን በሆነበት ዘመን እርስ በርስ ለመደጋገፍ የተጀመረ ነው። ካፓ አልፋ ሳይ በ1911 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ኦሜጋ ሳይ ፋይ በዚያው ዓመት፣ ፋይ ቤታ ሲግማ በ1914 ሃዋርድ ውስጥ ተመሠረቱ። አዮታ ፋይ ቴታ በ1963 ባልቲሞር በሚገኘው ሞርጋን ስቴት ተጨመረ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ተርጉድ ማርሻል የአልፋ አባላት ነበሩ። ይህ ለጌጥ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ሰዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙት ነገር ነው፣ የስድሳ ዓመት አዛውንት ቀለሙን ለብሰው የምታያቸው ለዚያ ነው።

ስለዚህ እዚያ «ራሽ አደርጋለሁ» እያሉ ማውራት ያስገምታል። ፍላጎትህን በየቦታው አታውራ፣ ኢንስታግራም ላይ አትጻፍ። ቀለማቸውን አትልበስ፣ የእጅ ምልክታቸውን አታሳይ፣ ጥሪያቸውን አትጩህ፣ ስትሮል የሚባለውን የሰልፍ ጭፈራቸውን ሲያደርጉ ከኋላ ገብተህ አትደንስ። ሀበሻ ሠርግ ላይ ለቀልድ ያደረግኸው እንኳ ቪዲዮው ቢወጣ አይረሳልህም። ብዙዎቹ «ፍራት» የሚለውን አጭር ቃል ራሱ አይወዱትም። ሙሉ ስማቸውን ጥራ።

የሚታየው ሥራህ ነው። የሚያዘጋጁት የምግብ ዕደላ ላይ፣ የመራጮች ምዝገባ ላይ፣ ውይይት ላይ ተገኝ። ማንም ሳያይህም ሥራ። አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ ተማሪን በመጀመሪያው ሴሚስተር አይቀበሉም። የተወሰነ ክሬዲት፣ ጥሩ ጂፒኤ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማስረጃና የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የመረጃ ስብሰባ ሲጠሩ ሙሉ ልብስ ለብሰህ፣ ከሰዓቱ ቀድመህ ድረስ። የሀበሻ ሰዓት እዚህ አይሠራም።

አንዳንድ የሀበሻ ልጅ «እኔ አፍሪካዊ ነኝ፣ ይቀበሉኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከእኛ ልጆች የገቡ አሉ። የሚያስቸግረው ትውልድህ አይደለም። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ግድ ሳይኖርህ ጃኬቱን ብቻ ፈልገህ መምጣትህ ነው የሚያስቸግረው። ያን ቶሎ ያዩታል።

እኔ እናት ነኝ። ይሄ ምሥጢር የሚሉት ነገር ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?

እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የግሪክ ፊደሎቹ የማኅበሩ ስም ናቸው እንጂ ጣዖት አይደሉም። ሲገቡ የሚፈጸም ሥርዓት አለ፣ ለውጭ ሰው አይነገርም። በብዙዎቹ ዘንድ ሥርዓቱ ቃል ኪዳን፣ መሐላና የመሥራቾች ታሪክ ነው። ሆኖም የሚያሳስበው እርስዎን ብቻ አይደለም። ከጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖች መካከልም መሐላውን ከእምነታችን ጋር አይሄድም ብለው በአደባባይ የወጡ አሉ። ሌሎች ደግሞ ቄስም ፓስተርም ሆነው አባልነታቸውን የያዙ አሉ።

ልጅዎን «እዚያ ቤት እንዳትገባ» ከማለት ይልቅ «መሐላ የሚጠይቁህ ከሆነ ለማን ነው የምትምለው ብለህ ጠይቅ» ይበሉት። ቃሉን ባይነግሩትም ከእምነቱ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ለመጠየቅ መብት አለው። የንስሐ አባቱንም ያማክር። ከልክለውት ደብቆ ከሚገባ ጠይቆ ቢገባ ወይም ጠይቆ ቢተው ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ቢደርስበት የሚደውለው ለእርስዎ መሆን አለበት።

ስንት ያስወጣል?

ከቤት ቤት ይለያያል። በሴሚስተር ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ከሺህ በላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሴሚስተር የመግቢያ ክፍያ ስላለበት ይወደዳል። ቤቱ ውስጥ መኖር ግዴታ ከሆነ ኪራዩና ምግቡ ለብቻ ነው። ቢድ ከመቀበልህ በፊት ገንዘብ ያዡን «የዓመቱን ጠቅላላ በጽሑፍ አሳየኝ፣ በየወሩ መክፈል ይቻላል?» በለው። ስለ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል የሚል ባህላችንን እዚህ ላይ ተወው። የሚያፍረው ከሁለት ወር በኋላ መክፈል ያቃተው ነው።

ጂፒኤ ይታያል?

ይታያል። ብዙ ቦታ 2.5 ወይም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ለጀማሪ የሃይስኩል ውጤት ያያሉ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ሴሚስተር ሳትጨርስ አያስገባህም። አዲስ አባል የሆንክበት ሴሚስተር ላይ ጊዜህ ይሻማል፣ ስለዚህ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ለሌላ ሴሚስተር ብታቆየው ይበጃል።

ሄዚንግ የምር አለ? እንዴት አውቀዋለሁ?

አለ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

ሄዚንግ ማለት አዲስ አባልን ለመቀበል ተብሎ ማዋረድ፣ ማሰቃየት ወይም አደጋ ላይ መጣል ነው። ዱላ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ መከልከል፣ የነሱን ልብስ ማጠብ፣ ስልክ መቀማት፣ በግድ ማስጠጣት ሁሉ ሄዚንግ ነው። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መጠጡ ነው። በ2017 ፔን ስቴት ውስጥ ቲም ፒያዛ የሚባል የ19 ዓመት ተማሪ ቢድ በተቀበለበት ማታ ብዙ አስጠጥተውት ከደረጃ ወደቀ። እርዳታ የተጠራለት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሞተ። ፔንሲልቬንያ በ2018 በስሙ ሕግ አወጣች። በ2021 ሪችመንድ ውስጥ በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ አዳም ኦክስ የተባለ ጀማሪ ተማሪ እንዲሁ ሞተ። ቨርጂኒያም በ2022 «የአዳም ሕግ» የሚባለውን አወጣች። በማርች 2024 ደግሞ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በመጣው ጥቆማ ምክንያት የብዙዎቹን ፍራተርኒቲዎችና ሶሮሪቲዎች (የሴት ተማሪዎች ማኅበራት) የአዲስ አባላት እንቅስቃሴ ለጊዜው አግዶ ነበር። ስለ ሩቅ አገር እያወራን አይደለም፣ የእኛ ልጆች ስለሚማሩባቸው ካምፓሶች ነው።

ከመግባትህ በፊት ማጣራት ይቻላል። በዲሴምበር 2024 የፀደቀው የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በሄዚንግ ጥፋተኛ ያሏቸውን ማኅበራት በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። የዩኒቨርሲቲህን ስም ጽፈህ የሄዚንግ ሪፖርቱን ፈልግ። የምትፈልገው ቤት ስሙ እዚያ ካለ መቼና ለምን እንደሆነ አንብብ። ከዚያ አባላቱን በግልጽ ጠይቃቸው፦ «በአዲስ አባልነት ጊዜዬ ከሳምንት ሳምንት ምን አደርጋለሁ? ስንት ሳምንት ይፈጃል?» የሚያኮራ ነገር ያለው ቤት ሰሌዳውን ይነግርሃል። እየተሳሳቁ ተያይተው «ስትገባ ታያታለህ» የሚሉ ከሆነ መልሱን ነግረውሃል። ሲግማ አልፋ ኤፕሲሎን የሚባለው ትልቅ ፍራተርኒቲ በ2014 የአዲስ አባልነት ጊዜን ጨርሶ አስቀርቷል፣ ስለዚህ «ሳይፈተኑ ወንድምነት የለም» የሚለው የግድ እውነት አይደለም።

እዚህ ጋ አስተዳደጋችን ሁለት ጊዜ ይጎዳናል። «ታላቅህን ታዘዝ» ተብለን አድገናል። «ጓደኛህን አትክዳ» ተብለንም አድገናል። ሌላው ልጅ ሲወድቅ እያየህ ሁለቱም አፍህን ይይዙሃል። አትያዝ። ሰው ጠጥቶ ካልነቃ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ለማንም ሳትጠይቅ 911 ደውል። በጎኑ አስተኛው፣ ብቻውን አትተወው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ለሰው ሕይወት ብሎ የደወለ ተማሪ ራሱ ጠጥቶ ቢሆንም በመጠጡ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አለ። ስም ሳይጠቀስ ጥቆማ የሚሰጥበት አገር አቀፍ የስልክ መስመርም አለ፦ 1-888-668-4293።

«እሺ ብዬ ነው የገባሁበት» ማለትም ሄዚንጉን ሕጋዊ አያደርገውም። በብዙ ግዛቶች የተጎጂው ፈቃደኝነት ማምለጫ አይሆንም።

ጥሩ ሆኖ መታየት ማለት ሁሉን እሺ ማለት ነው ብለህ ከጀመርክ እዚህ ትወድቃለህ። እኔ እንደማየው ራሽ ላይ በሚገባ «አይ» ያለ ልጅ ይከበራል። ካልተከበረም ቤቱን አወቀ።

ሴት ልጅ ነኝ። ሶሮሪቲ እንዴት ነው?

የበለጠ ሥርዓት ያለው ነው። 26 ሶሮሪቲዎችን የያዘው ብሔራዊ ጉባኤያቸው በ1902 ተመሠረተ። ቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ፣ በየዙሩ ከቤት ቤት ትዞሪያለሽ፣ ማታ አንቺም ደረጃ ትሰጫለሽ፣ እነሱም ይሰጣሉ። የሚገጥመውን ኮምፒውተር ያወጣዋል። የእያንዳንዱ ንግግር ጊዜ አጭር ስለሆነ ስለራስሽ ሁለት ሦስት ጨዋታ አዘጋጅተሽ ሂጂ። አንድ ቤት ብቻ ላይ ልብሽን አትጣዪ። የመጨረሻው ቀን የምትፈርሚው ወረቀት በዚያ ካምፓስ ለአንድ ዓመት ያስርሻል፣ ሳታነቢ አትፈርሚ። አልፋ ካፓ አልፋ፣ ዴልታ ሲግማ ቴታና የመሳሰሉት የዲቫይን ናይን ናቸው፣ እነሱ ጋ ከላይ የተባለው ዝምታና ሥራ ይሠራል።

በቅርቡ ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት። እንግሊዝኛዬ ያስቸግራል።

አነጋገርህ ችግር አይደለም። ችግሩ ቀልዳቸው አለመግባቱ ነው። ሳይገባህ አብረህ አትሳቅ። «አልገባኝም፣ አስረዳኝ» ስትል ራሱ ጨዋታ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ እዚያ ጀምረህ ከሆነ የጊቢ ሕይወትህን አውራላቸው። ስምንት ሆኖ አንድ ዶርም ውስጥ መኖርን ለአሜሪካዊ ልጅ ስትነግረው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማህ።

ቢድ ባይመጣልኝስ?

ይደርሳል፣ ለብዙ ሰው። አንዳንዴ ቦታ ሞልቶ ነው፣ አንዳንዴ ስላንተ የሚናገረው ልጅ በዚያ ማታ ቀርቶ ነው። ከቀረብካቸው አንዱን «ምን ብጨምር ይሻል ነበር?» ብለህ በሰላም ብትጠይቅ ነውር የለውም። በሚቀጥለው (ስፕሪንግ) ሴሚስተር ደግመህ ሞክር። በመካከሉ ከተዋወቅካቸው ጋር ቡና ጠጣ። ወይም የሙያ ማኅበራቱን እይ፣ ወይም በ1925 ላፋየት ኮሌጅ የተመሠረተውንና ለአገልግሎት የቆመውን አልፋ ፋይ ኦሜጋን። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር አለ፣ እዚያ ቢድ አያስፈልግህም፣ ምግቡም የተሻለ ነው።

ዩኒቨርሲቲህ ጭራሽ ፍራተርኒቲ ላይኖረው ወይም እውቅና ላይሰጥ እንደሚችልም እወቅ። ጆርጅታውን ለምሳሌ የማኅበራዊ ፍራተርኒቲዎችን በይፋ አያውቅም። እውቅና የሌለው ቤት ላይ ተቆጣጣሪ ስለሌለ እዚያ ሁለት እጥፍ ተጠንቀቅ።

ቢድ ተቀብዬ ሐሳቤን ብቀይርስ?

ትወጣለህ። አዲስ አባል እስከሆንክ ድረስ፣ ማለት የመጨረሻው የመግቢያ ሥርዓት እስኪፈጸም፣ ለፕሬዚዳንቱ አጭር መልእክት ጽፈህ መውጣት ትችላለህ። ምክንያት ማብራራት አይጠበቅብህም። የከፈልከው ብር ላይመለስ ይችላል። ሥርዓቱን ከፈጸምክ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። አንዱ ውስጥ ከገባህ በዚያው ጉባኤ ሥር ያለ ሌላ ፍራተርኒቲ አይቀበልህም፣ በኋላ ብትለቅቅም። ዲቫይን ናይንም አንዱን ብቻ ነው የሚፈቅዱት። ስለዚህ ልብህ ከተከፈለ ከሥርዓቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ወስን፣ የዩኒቨርሲቲው የግሪክ ላይፍ ቢሮም ካማከርከው ይረዳሃል።